በየግሩፑ ለሚዞረው የልጆች ሳል ጽሁፍ ምላሽ፦ እባካችሁ ፓፉን አትጣሉት

ይሄን ጽሁፍ በአንድ ሳምንት ውስጥ አራት ሰው ላከልኝ። መጀመሪያ የልጄ ኬጂ የወላጆች ግሩፕ ላይ አየሁት፣ ቀጥሎ አክስቴ ላከችልኝ፣ ከዛ አንድ ጓደኛዬ፣ መጨረሻ ላይ ደሞ አንዲት ደንበኛዬ ስልኳን ባንኮኒው ላይ ዘርግታ «ይሄን አንብቢውና ያን የሚነፋውን መልሺልኝ» አለችኝ። ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሠራው። ከቤት የወጣ መድኃኒት ተመልሶ አይሸጥም አልኳት፣ እሷን ግን ያሳሰባት ገንዘቡ አልነበረም፣ እቤቷ መቀመጡ ራሱ አስፈርቷታል። ልጇ ሦስት ዓመት ከምናምን ነው፣ ማታ ማታ እያሳለው ያስመልሰዋል። እሷ ከሄደች በኋላ ነው ይሄን መጻፍ የጀመርኩት።

ጸሐፊዋን አላውቃቸውም። ሦስት ልጅ ያሳደጉ እናት መሆናቸውን ከጽሁፉ ነው ያወቅኩት፣ ለክፋት እንዳልጻፉት ደሞ ከመጀመሪያው መስመር ያስታውቃል። እኔም ሐኪም አይደለሁም፣ መድኃኒት ቤት የምውል፣ ማታ ደሞ የሚያስለው ልጅ እናት ነኝ፣ ስለዚህ እንደ እናትም እንደ ባለሙያም ነው የምመልሰው።

ላላነበባችሁት ባጭሩ የሚለው ይሄን ነው። አስም፣ አለርጂ የሚባለው የፈረንጅ በሽታ ነው፣ በኛ ጊዜ አልነበረም፣ የልጅ ሳል ሁሉ መነሻው ብርድ ነው። ሳሉ ከቆየ እንጥል ወርዷል ማለት ነው፣ አዋቂ ጋ ወስዶ ማስቆረጥ ነው። ፓፍ (ኢንሄለር፣ በአፍ የሚነፋው የአስም መድኃኒት) ሱስ ያስይዛል፣ ልብ ያደክማል፣ አንዴ የጀመረ ልጅ አይላቀቀውም፣ ከሱ ሽሮፕ ይሻላል። ሳምንት ካለፈው አሞክሳሲሊን ገዝቶ መጀመር። ማርና ዝንጅብል፣ ለጨቅላም ቢሆን ማሩን በጣት ማላስ፣ ማታ በባሕር ዛፍ ማጠን። ወተትና እንቁላል ማቋረጥ። ደሞም አትጨነቁ፣ በሰባት ዓመቱ ይተወዋል። እንግዲህ ጨምሬ ወይ ቀንሼ ከሆነ ያነበበ ይፍረደኝ።

«በኛ ጊዜ አልነበረም»

ጥያቄው እኮ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ መልሱ ነው የተበላሸው። በኛ ጊዜ ነበረ፣ ስሙ ነው ያልነበረው። እስቲ አስታውሱ፣ ሰፈር ውስጥ «እሱን አታስሩጡት ደረቱ ደካማ ነው» የሚባል ልጅ አልነበረም? በክረምት ደረቱ ሲጥ ሲጥ ሲል ከበሩ ውጪ የሚሰማ፣ ቁጭ ብሎ የሚያድር? እኛ ሰፈር ሁለት ነበሩ።

ግን የበዛ ነገር እንዳለ እኔም አልክድም። በፈረንጆቹ 1997 ጅማ ላይ የተሠራ ጥናት ላንሴት በሚባለው የሕክምና መጽሔት ታትሞ ነበር፣ ከ12 ሺህ በላይ ሰው ተጠይቆ ከተማው ውስጥ ያለው ሰው አስሙ ከገጠሩ ጎልቶ ነው የተገኘው። እንግዲህ ጅማ ከተማና ጅማ ገጠር ነው፣ ያው ሕዝብ፣ ያው ቡና፣ ያው ዝናብ። ብርድ ቢሆን መነሻው የገጠሩ ልጅ በባዶ እግሩ ጤዛ ረግጦ ከብት ሲያግድ የሚውለው ይበልጥ በታመመ። ከዛ በኋላ እዛው ጅማ በተሠራ ሌላ ጥናት ደሞ ሆዳቸው ውስጥ መንጠቆ ትል ያለባቸው ሰዎች ያ ሲጥ ሲጥ የሚለው ትንፋሽ አነስ ብሎ ተገኝቶባቸዋል (እና ትሉን እናርባ ለማለት አይደለም፣ ይሄን ደሞ ቆርጦ ግሩፕ ላይ የሚለጥፍ እንዳይመጣ)። ማለት የፈለግኩት የአኗኗራችን መለወጥ ከነገሩ ጋር የተያያዘ መሆኑን የሚያሳየው የራሳችን አገር መረጃ ነው፣ ፈረንጅ ያመጣብን ስም አይደለም።

ብርዱን በተመለከተ ግማሽ እውነት አላቸው። ቀዝቃዛ አየር አስም ያለበትን ልጅ ያስለዋል፣ የጠዋት ብርድ ላይ ሲሮጥ ሊነሳበት ይችላል፣ ይሄ የታወቀ ነው። ጉንፋን ግን የሚመጣው ከቫይረስ ነው፣ ቫይረሱ ደሞ ከሰው ነው፣ እና የሚገርመኝ ሚኒባስ ውስጥ አስራ ምናምን ሰው ተጠቅጥቆ ሦስቱ እያሳሉ አንዱ መስኮት ሊከፍት ሲል «ኧረ ዝጋው ልጅ ይዣለሁ!» የምንለው ነገር ነው። ልጁን ከንፋሱ አድነን ለሳሉ እንሰጠዋለን።

«ሳል ሁሉ ብርድ ነው» የሚለው የሚያናድደኝ ግን በሌላ ምክንያት ነው። ሁሉም አንድ ነው ካልን ማንም ጠጋ ብሎ አያየውም። እኔ ባንኮኒ ላይ ሳል ሲሉኝ መጀመሪያ የምጠይቀው መቼ ነው የሚብሰው ብዬ ነው። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ ቀስቅሶ የሚያስለው፣ ሲሮጥ ወይ ሲስቅ የሚጀምረው፣ ደረቱ የሚያፏጭ፣ ቤተሰብ ውስጥ አስም ወይ የቆዳ አለርጂ ካለ አስም ያጠራጥራል። አፍንጫውን በመዳፉ ወደ ላይ እየጠረገ፣ ዓይኑን እያሸ፣ ጠዋት ጠዋት በተከታታይ የሚያስነጥስ ልጅ የአፍንጫ አለርጂ ሊሆን ይችላል፣ ንፍጡ ወደ ጉሮሮ እየወረደ ነው የሚያስለው። ተኝቶ የሚያንኮራፋ፣ አፉን ከፍቶ የሚተነፍስ ደሞ ከአፍንጫው ኋላ ያለው እጢ ሊሆን ይችላል። ሲያስለው ሲያስለው ትንፋሽ አጥሮት መጨረሻ ላይ «ሁ...» ብሎ የሚስብና የሚያስመልሰው ከሆነ፣ በተለይ ክትባቱን ካልጨረሰ፣ ትክትክ ነው የሚታሰበው።

ደሞ ቆሎ አለ። ቆሎና ኦቾሎኒ። አንዲት እናት ወር ሙሉ ለሁለት ዓመት ልጇ ሽሮፕ ስትገዛ ቆይታ አንድ ቀን መቼ ጀመረው ብዬ ስጠይቃት «ቅዳሜ ቡና ላይ ነበርን፣ ድንገት ትን አለው፣ ከዛ ወዲህ ነው» አለችኝ። ቀኑን እስከነ ቡናው ታስታውሰዋለች እኮ! ግን ማንም አልጠየቃትም፣ እኔም ራሴ ሦስት ሽሮፕ ከሸጥኩላት በኋላ ነው የጠየቅኳት። ትልቅ ሆስፒታል ተልኮ ግማሽ ፍሬ ኦቾሎኒ በመሣሪያ ከሳንባው ወጣ። ኤክስሬይ ላይ እንዲህ ያለው ብዙ ጊዜ አይታይም፣ ጥርጣሬው የሚመጣው ከወሬው ነው። ለዚህ ዝንጅብል ምን ያደርግለታል?

ቲቢን ደሞ ጽሁፉ አንድም ቦታ አላነሳውም። ኢትዮጵያ ውስጥ ነው ያለነው። ሁለት ሳምንትና ከዛ በላይ የቆየ ሳል ጤና ጣቢያ ስትሄዱ የቲቢ ጥያቄ የሚያስጠይቅ ሳል ነው፣ ኪሎው እየቀነሰ ከሆነ ወይ አልጨምር ካለ፣ ማታ የሚያተኩሰው ከሆነ፣ ቤት ውስጥ ወይ ጎረቤት የሚያስል አዋቂ ካለ፣ ሠራተኛዋንም ጨምሮ፣ ይመርመር። ሕክምናው በነፃ ነው።

እንጥሉ

እዚህ ላይ አልለሳለስም። እንጥል ጉሮሮ ሲቆጣ አብሮ ያብጣል፣ ሲያብጥ ደሞ ረዝሞ የወረደ ይመስላል፣ ስለዚህ ሳሉ ነው እንጥሉን ያስረዘመው እንጂ እንጥሉ አይደለም ሳሉን ያመጣው። «ግን እኮ የኔ ልጅ ተቆርጦለት ተሻለው» ለሚል፣ ልጁ የተወሰደው ሁለት ሳምንት ካሳለው በኋላ ነው አይደል? የጉንፋን ሳል ከሁለት ልጅ አንዱ ላይ በአስር ቀን ገደማ፣ ከአስሩ ዘጠኙ ላይ ደሞ በ25 ቀን ያልፋል። በሁለት ሳምንቱ ላይ ልጁን ጠበል ብትወስዱት፣ ፀጉሩን ብትላጩት፣ ምንም ሳታደርጉ ብትቀመጡም በቀጣዩ ሳምንት አብዛኛው ይሻለዋል። ምስጋናውን ቆራጩ ወሰደው።

የሚቀረው ደሙ ነው፣ ኢንፌክሽኑ ነው፣ ቴታነስ ነው፣ ከልጅ ወደ ልጅ የሚዞረው ምላጭ ይዞት የሚመጣው ነገር ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችንም የሕፃን እንጥል መቁረጥን በስሙ ጠርቶ ከጎጂ ልማዶች ጋር አስቀምጦታል። ሐኪም አይቶ ቶንሲሉ ወይ እጢው ይውጣ ያለው ሌላ ጉዳይ ነው፣ እሱ ኦፕራሲዮን ነው፣ ማደንዘዣ አለው፣ ደም ቢፈስ የሚያቆም ሰው አለው።

አማቴን እወዳቸዋለሁ፣ ይሄን ያነባሉ ብዬም እፈራለሁ፣ ግን የኔን ልጅ በሁለት ዓመቱ ለዚሁ ሊወስዱት ነጠላቸውን አጣፍተው ነበር።

አሁን ወደ ፓፉ

ጽሁፉ ውስጥ ብዙ ሰው የተቀበለው ይሄን ነው፣ እኔንም ያስነሳኝ ይሄ ነው።

መጀመሪያ ሁለት ዓይነት ፓፍ እንዳለ እንነጋገር፣ ጽሁፉ አንድ አድርጎ ነው የሚያወራው። አንደኛው ብዙ ጊዜ ሰማያዊ የሆነው ሳልቡታሞል ነው፣ የተጨመቀውን የአየር ቧንቧ በደቂቃዎች ውስጥ ያላላል፣ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ይለቃል፣ ሲነሳበት ነው የሚሰጠው። ሁለተኛው እንደ ቤክሎሜታዞን ያለው ነው፣ የቧንቧውን ቁጣ የሚያበርድ፣ ቢያመውም ባያመውም በየቀኑ የሚወሰድ፣ ውጤቱም ቶሎ የማይታይ። ሰው ሁለተኛውን ለሦስት ቀን ሰጥቶ «ምንም አልሠራም» ብሎ ይጥለዋል፣ የመጀመሪያውን ደሞ በየሰዓቱ ይነፋና «ያለሱ አልኖር አለ» ይላል። ሱስ የምትሉት ነገር እሱ ነው። ልጁ ፓፉን አብዝቶ የሚፈልገው በሽታው ስላልተያዘ ነው፣ የሚያነክስ ሰው ምርኩዙን ቢፈልግ ምርኩዙ ሱስ አስያዘው አይባልም።

እዚህ ጋ ግን ለጸሐፊዋ አንድ ነገር ልስጣቸው። ሰማያዊውን ብቻ እየነፉ መኖር ጥሩ እንዳልሆነ ባለሙያዎቹም ራሳቸው ደርሰውበታል፣ ዓለም አቀፉ የአስም መመሪያ ከ2019 ጀምሮ ከ12 ዓመት በላይ ላሉት ሳልቡታሞልን ለብቻው አይመክርም፣ ከሚያበርደው ጋር ነው የሚፈልገው። ስለዚህ «በየጊዜው ነፋ ነፋ ማድረግ ደስ አይለኝም» የሚለው ስሜታቸው አልተሳሳተም። መፍትሔው ግን ሁለተኛውን መጨመር ነበር፣ እሳቸው ሁለቱንም አስጣሉ። ሁለተኛውም ቢሆን ጣጣ የለውም አልልም፣ አፍ ካልተጉመጠመጠ አፍ ውስጥ ነጭ ነገር ሊያወጣ ይችላል፣ ለዓመታት ሲወሰድ ደሞ ቁመት ላይ በአማካይ አንድ ሴንቲሜትር ገደማ ሊቀንስ ይችላል። አንድ ሴንቲሜትር። ሌሊቱን ሙሉ ሲያስለው የሚያድር፣ ምግብ የሚያስመልሰው ልጅ ከዚህ በላይ አይጎዳም ትላላችሁ?

«ልብ ያደክማል፣ ሽሮፕ ይሻላል» የሚለውን ደሞ በሂሳብ እንየው፣ ማንም እቤቱ ሊሠራው ይችላል። የሳልቡታሞሉን ሽሮፕ ጠርሙስ አንሱና ጀርባውን አንብቡ፣ 2 ሚሊግራም በ5 ሚሊ ሊትር ይላል፣ ማለትም በአንዷ ትንሽ ማንኪያ። ፓፉ ላይ ደሞ በአንድ ምት 100 ማይክሮግራም ይላል። 2 ሚሊግራም ማለት 2,000 ማይክሮግራም ነው። ስለዚህ ያቺ ለልብ ትሻላለች የተባለችው አንድ ማንኪያ የ20 ፓፍ ያህል መድኃኒት ነው የያዘችው፣ እሱም በሆድ ገብቶ፣ ደም ውስጥ ዞሮ፣ ልብን ነካክቶ ነው ሳንባ የሚደርሰው። ፓፉ በቀጥታ ሳንባ ነው የሚሄደው። ሽሮፕ የወሰደ ልጅ እጁ ሲንቀጠቀጥ፣ ልቡ ድው ድው ሲል፣ እንቅልፍ እምቢ ሲለው ያያችሁ እናቶች ታውቁታላችሁ። መጠኑ በጣም ሲያንስ የሚፈራው ያነሰው ነው እንዴ?

ስለ ሽሮፕ ከተነሳ በ2022 ጋምቢያ ላይ የሆነውን አልረሳውም። ለሳልና ለጉንፋን በተሸጡ የልጆች ሽሮፖች ውስጥ መርዛማ ኬሚካል ተገኝቶ ከ60 በላይ ሕፃናት ኩላሊታቸው ቆሞ ሞተዋል። ሽሮፕ ሁሉ መርዝ ነው እያልኩ አይደለም፣ ይሄን ስል የምሸጠውም እኔው ነኝ። ግን «ሽሮፕ ምን ይጎዳል» የሚለው አባባል ትክክል አይደለም፣ ከስድስት ዓመት በታች ላለ ልጅ አብዛኛው የሳል ሽሮፕ ብዙም አይረዳም።

አንድ ነገር ላይ ደሞ እኔው ራሴ ከሳቸው ጎን ልቁም፣ ፓፍ የሳል መድኃኒት አይደለም። ተራ ጉንፋን ይዞት የሚያስል ልጅ ላይ ቢነፉት ምንም አያደርግለትም፣ አሁን አሁን ሲያስለው ሁሉ ፓፍ የሚታዘዝበት ቦታ እንዳለም አያለሁ። ሐኪሙን «አስም ነው ያሉት ለምንድነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ፓፍ አልሠራም ከሚሉኝ ሰዎች ብዙዎቹ ግን አነፋፉ ነው ችግራቸው። የሦስት ዓመት ልጅ አፍ ውስጥ ቀጥታ ብትነፉት ምላሱ ላይ ነው የሚቀረው። ስፔሰር (በፓፉና በልጁ አፍ መካከል የሚገባ፣ የተነፋውን መድኃኒት የሚይዝ ባዶ ዕቃ) ያስፈልገዋል፣ ስፔሰር ደሞ አንዳንዴ የለም፣ ሲገኝም ውድ ነው። በፈረንጆቹ 1999 ከደቡብ አፍሪካ የወጣ ጥናት ላይ ግማሽ ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ ከተገዛው ስፔሰር ያላነሰ እንደሚሠራ ታይቷል፣ የዓለም ጤና ድርጅትም ይመክረዋል። ባዶ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውሰዱ፣ በሳሙና እጠቡትና ሳትወለውሉት አንጠባጥባችሁ አድርቁት (በጨርቅ ከተወለወለ መድኃኒቱ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል)። ቂጡ ላይ በፓፉ አፍ ልክ ቅደዱ፣ አየር እንዳያስወጣ በፕላስተር ዙሪያውን ያዙት። ፓፉን ነቅንቁ፣ ሰኩት፣ የጠርሙሱን አፍ ልጁ በከንፈሩ ይያዝ፣ አንዴ ተጫኑና አምስት ያህል ጊዜ ዝም ብሎ ይተንፍስ። ሁለተኛ ምት ካለ እንደገና ነቅንቆ ነው፣ ሁለቱን አከታትሎ አይደለም። ለትንንሾቹ የፕላስቲክ ኩባያ ቂጡን ቀዶ እንደ ማስክ አፍንጫና አፉ ላይ መግጠም ይቻላል። የኔ ልጅ የመጀመሪያው ስፔሰር ሃይላንድ ነበር፣ ላዩ ላይ መኪና ስለንበት።

በነገራችን ላይ ፓፉ ራሱ የመጣው ከልጅ ጥያቄ ነው። በፈረንጆቹ 1950ዎቹ አጋማሽ አሜሪካ ውስጥ የአንድ መድኃኒት ኩባንያ ኃላፊ የ13 ዓመት ልጁ አስም ነበረባት፣ መድኃኒቴ ለምን እንደ ፀጉር ስፕሬይ አይሆንም አለችው፣ በ1956 ገበያ ላይ ወጣ። ከዛ ወዲህ ስንት ዓመቱ ነው? ሱስ የሚያስይዝ ነገር ቢሆን እስካሁን አይደበቅም ነበር።

አሞክሳሲሊን ከሳምንት በኋላ

ቀደም ብዬ የጻፍኩትን የ25 ቀን ነገር እዚህ አምጡት። ኬጂ የገባ ልጅ በዓመት ስድስት ስምንት ጊዜ ጉንፋን ቢይዘው ብርቅ አይደለም፣ እያንዳንዱ ሁለት ሦስት ሳምንት ቢያስለው የዓመቱ ሲሶ ሳል ነው። በሳምንቱ አንቲባዮቲክ ከጀመርን ልጁ በዓመት ስድስት ጊዜ ሊውጥ ነው፣ ቫይረስ ላይ ደሞ አይሠራም፣ ተቅማጡና ነገ የሚያስፈልገው ቀን መድኃኒቱ እምቢ ማለቱ ነው የሚቀርለት። ይሄን ስል እጄ ንጹሕ አይደለም። ልጄን ሐኪም ሳላሳይ በራሴ ሦስት ዙር አሞክሳሲሊን፣ ከዛ አንድ ዙር ኦግመንቲን ሰጥቼዋለሁ፣ ያውም እየተማርኩበት ያደግኩት ነገር ሆኖ፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ልጅ ሲያስል ዲፕሎማም ዲግሪም ከጭንቅላት ይወጣል። ያለማዘዣ መሸጥ ክልክል መሆኑንም የማያውቅ የለም፣ የሚከበርበትን ቦታ ግን ቁጠሩልኝ ብትሉኝ ብዙ ጣት አያስፈልገኝም።

የምቀበላቸው፣ አክታ ያለው እርጥብ ሳል ከአራት ሳምንት በላይ ሳይቋረጥ ሲቆይ በእርግጥ አንቲባዮቲክ የሚያስፈልገው ዓይነት አለ፣ እሱን ግን ሐኪም አዳምጦ ነው የሚያዘው፣ ከሳምንቱም ጋር አይገናኝም። የሳንባ ምች ከሆነ ደሞ ሳምንት መጠበቅ ራሱ ስህተት ነው። ልጁ ሳያለቅስ ተኝቶ ሳለ ልብሱን ገለጥ አድርጋችሁ አንድ ደቂቃ ሙሉ ትንፋሹን ቁጠሩ። ከሁለት ወር እስከ ዓመት ላለ 50ና ከዛ በላይ፣ ከዓመት እስከ አምስት ዓመት ላለ 40ና ከዛ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው፣ በዛው ቀን ይታይ። ሲተነፍስ ከጎድኑ በታች ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ከሆነ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ መጥባት ወይ መጠጣት ካቃተው እሱማ ሌሊትም ቢሆን ታክሲ ተጠርቶ ነው።

ማሩ፣ ዝንጅብሉና ጭሱ

ማር ጥሩ ነው! ይሄን በደስታ ነው የምስማማው፣ ዓመት ያለፈው ልጅ ማታ ከመተኛቱ በፊት ትንሽ ማንኪያ ማር ከብዙ ሽሮፕ የተሻለ ያስተኛዋል፣ ዝንጅብሉንም ሻይ ላይ ጣል ቢያደርጉለት አልከራከርም። ለጨቅላ በጣት ማላሱ ግን ፈጽሞ፣ ፈጽሞ። ማር ውስጥ ሊኖር የሚችል ባክቴሪያ አለ፣ ዓመት ያልሞላው ሕፃን አንጀት ውስጥ ገብቶ መርዝ ያወጣል፣ ልጁ ዝልፍልፍ ይላል፣ መጥባት ያቅተዋል፣ ትንፋሹም ሊቆም ይችላል። ንጹሕ የጎጃም ማር ቢሆን፣ ከቀፎው ፊታችሁ ቢቆረጥ ለውጥ የለውም። ዓመት እስኪሞላው የለም።

ማጠኑን በተመለከተ፣ የፈላ ውሃ ድስት ፊት ልጅ አቅርቦ ብርድ ልብስ መከናነብ ስንት ልጅ አቃጥሏል። የባሕር ዛፍ ቅጠሉን ከሰል ላይ አድርጎ ማጨስ ደሞ ለተቆጣ ሳንባ ጭስ መጨመር ነው። የኛ ቤት ነገር የገባኝም በዚሁ ነው። ልጄ ሰኞ ለማክሰኞ ሌሊት ይብስበት ነበር፣ እሑድ ደሞ አማቴ ጋ ነው የምንውለው፣ ከሰሉ ተቀጣጥሎ፣ ዕጣኑ ቤቱን ሞልቶ፣ በሩ «ብርድ እንዳይገባ» ተዘግቶ። ሁለት ወር ካሌንደር ላይ ምልክት ሳደርግ ነው ያየሁት። ቡናው አልቀረም፣ ማን ደፍሮ ያስቀራል፣ ከሰሉ ወደ በረንዳ ወጣ፣ ዕጣኑ ልጁ ሲመጣ አይጨስም። ቤታችን ደሞ ከሰርጋችን ጀምሮ የተነጠፈው ምንጣፍ ተነሳ፣ ፍራሹ ፀሐይ ይሞቃል፣ አንሶላው በሙቅ ውሃ ይታጠባል፣ ምክንያቱም አልጋ ውስጥ በዓይን የማትታይ የአቧራ ነፍሳት አለች፣ ከሰውነታችን የሚረግፈውን ነው የምትበላው፣ ብዙ ልጅ አለርጂው ለሷ ነው። ያለ መድኃኒት የሚሠራ ነገር ከተባለ ጽሁፉ ውስጥ መግባት የነበረበት ይሄ ነበር፣ አንድ መስመር የለውም።

ወተትና እንቁላል

ወተት አክታ አይፈጥርም፣ ወፍራም ስለሆነ ጉሮሮ ላይ እንደዛ ይሰማል እንጂ። የምግብ አለርጂ ያለበት ልጅ በበላ በደቂቃዎች ወይ በሰዓታት ውስጥ ሽፍታ፣ እብጠት፣ ማስመለስ ነው የሚያሳየው፣ ለብቻው ወር የሚቆይ ሳል ሆኖ መምጣቱ ብርቅ ነው። እንቁላልና ወተት የተከለከለ የሁለት ዓመት ልጅ ምን ይብላ? ሽሮ በእንጀራ ብቻ?

«በሰባት ዓመቱ ይተወዋል»

ይሄ ከሁሉም የተሻለው ነጥባቸው ነው። አሜሪካ አሪዞና ውስጥ ከልደት ጀምሮ የተከታተሏቸው ልጆች ላይ በፈረንጆቹ 1995 የወጣው ውጤት ከሦስት ዓመታቸው በፊት ደረታቸው ሲያፏጭ ከነበሩት ወደ 60 በመቶው በስድስት ዓመታቸው ትተውታል። እሳቸው ሰባት አሉ፣ ጥናቱ ስድስት፣ ሦስት ልጅ ያሳደገ ሰው ዓይን ቀላል አይደለም። ግን 40ዎቹስ? በተለይ ቆዳው አለርጂ ያለበት፣ እናቱ ወይ አባቱ አስም ያለባቸው ልጅ ከማይተወው ወገን የመሆን ዕድሉ ከፍ ይላል። ደሞ ሊተወውም ቢሆን ከሦስት እስከ ስድስት ሦስት ዓመት ነው፣ አንድ ሺህ ሌሊት በላይ። እየተነሳ የሚያስለው እሱ ነው፣ ቁጭ ብላ የምታድረው እናቱ ናት።

ጸሐፊዋ ይሄን ካዩት አንድ ልመና አለኝ። ሁሉንም አጥፉ አልልም፣ ማሩ ይቆይ፣ የእናትነት ምክራቸውም ይቆይ፣ «ልጃችሁን አትቆጡት፣ ሆን ብሎ አይደለም የሚያስለው» ያሉትን እንደውም ወድጄዋለሁ። ማሩ ላይ «ዓመት ላለፈው» የሚል ይጨመርበት፣ የእንጥሉና የፓፉ አንቀጽ ይውጣ። ያን ካደረጉ እኔው ራሴ ለኬጂው ግሩፕ እልከዋለሁ። ደንበኛዬ ፓፉን ይዛ ሄዳለች፣ ግን ቦርሳዋ ውስጥ ስትከተው ፊቷን አይቻለሁ፣ ትንፋው አትንፋው አላውቅም።